ያረጀ መኪናን ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ መቀየር፦ ከምርመራው እስከ ማስተካከያው

የመጀመሪያ መኪናዬን ወደ ጋዝ ሳስቀይር ኪቱ (የመቀየሪያው ዕቃ ስብስብ) አዲስ ነበር። ሲሊንደሩም አዲስ። የገጠመውም ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። መኪናው ግን በሳምንቱ ማስነጠስ ጀመረ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ "ቧ!" ይልና የአየር ፊልትሮው ክዳን ይፈናጠራል። ጋዙን ረገምኩ፤ ባለሙያውንም በሆዴ ረገምኩ። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ ከካንዴላው ገመድ ሆኖ ተገኘ። ገመዱ ከመኪናው ጋር አብሮ ያረጀ ነው። በቤንዚን ሲሄድ ችግሩ ተሸፍኖ ኖሯል። ጋዝ ግን ገመና አይሸፍንም።

ስለዚህ እዚህ ስለ ኪት ከማውራቴ በፊት ስለ መኪናው ብዙ አወራለሁ። ያረጀ መኪና ጋዝ ላይ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ በሽታው የቆየ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ እንነጋገር። ከታች ከምዘረዝራቸው ሥራዎች ምርመራውን፣ የካንዴላውን ሥራና የዕለት ተዕለት ክትትሉን እጁን የፈታ ሰው ራሱ ይሠራዋል። ሲሊንደሩን፣ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧውንና የመጨረሻውን የፍሳሽ ፍተሻ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። እዚህ ዝርዝሩን የጻፍኩት አጠገቡ ቆማችሁ ምን ማየት እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። የቃል ነገርም አለ፦ "ሲሊንደር" ስል ጋዝ የሚይዘውን ማለቴ ነው። ፒስተን የሚመላለስበትን "የሞተር ሲሊንደር" እለዋለሁ።

ጋዙ ምን ዓይነት ነገር ነው?

የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ተጨምቆ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው በ200 ባር ግፊት ነው፤ አንዳንድ አገሮች ወደ 250 ባር ይጠጋሉ። የመኪና ጎማ የሚይዘው 2 ባር ገደማ ነው። መቶ እጥፍ ማለት ነው እንግዲህ።

ለማብሰያ ከምንጠቀምበት ጋዝ ጋር አታምታቱት። ያ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል። ሚቴን እንዲህ ተጨምቆም ጋዝ እንደሆነ ይቀራል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጉድጓድ ካገኘም ይተኛል። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል። አየር ላይ ሆኖ የሚቀጣጠለውም መጠኑ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው። በራሱ ለመቀጣጠል ደግሞ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቤንዚን ከ300 በታች ይበቃዋል። ክፍት ቦታ ላይ ከቤንዚን የተሻለ ጠባይ አለው ማለት ይቻላል። ጣሪያ ያለው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጣሪያው ሥር ይከማቻል።

ለሞተሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የኦክቴን ቁጥሩ (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም ልኩ) 120 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ አያንኳኳም። ይህ መልካም ነው። በሌላ በኩል ለማቀጣጠል ያስቸግራል፤ ከተቀጣጠለም በኋላ ከቤንዚን ቀስ ብሎ ይነዳል። ጠንካራ ብልጭታና ቀደም ያለ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚነሳበት ሰዓት) የሚፈልገው ለዚህ ነው። የእኔ መኪና ያስነጠሰውም ለዚህ ነው።

ከኪሳችሁ በፊት ሒሳቡን አውጡ

1 ኪሎ የተጨመቀ ጋዝ የሚሰጠው ጉልበት ከ1.5 ሊትር ቤንዚን ጋር ይቀራረባል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ወደ 7 ኪሎ ጋዝ ይፈልጋል ማለት ነው። 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ወደ 10 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። ይህ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። "60 ሊትር" ሲባል እንደ ቤንዚን ታንከር ያስበዋል። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያርመውም።

ክብደቱም አለ። 60 ሊትር የሚይዝ የብረት ሲሊንደር ባዶውን ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ኋላ ላይ ተቀምጧል በሉት። ጉልበትም ትንሽ ይቀንሳል። ጋዙ አየር ይገባበት የነበረውን ቦታ ስለሚሻማ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያጣል። ትልቅ ሞተር ላይ ብዙም አይታወቅም። ትንሽ ሞተር ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ሰው ጭናችሁ ይታወቃል።

አሁን በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዱና ጋዝ መሙያው ከመንገዳችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፉ። በዓመት ትንሽ የሚነዳ ሰው የመቀየሪያውን ወጪ ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ሌላ ነው። መሙያው ከመንገዳችሁ የሚያስወጣ ከሆነ ግን እዚሁ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

1ኛ እርምጃ፦ መኪናውን በቤንዚን ጤነኛ ማድረግ

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው በኋላ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከሞተሩ ጀምሩ።

ኮምፕሬሽን ይለካ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውለቁ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ከዚያ ሞተሪኖው ያዙረው። የአምራቹን ቁጥር አግኝታችሁ አወዳድሩ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የምመለከተው ልዩነቱን ነው። አንዱ የሞተር ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ የፒስተኑ ፋሻ፣ ቫልቩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ችግር አለበት። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን ጠርጥሩ። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ኪት መግጠም የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አዲስ ምንጣፍ እንደማንጠፍ ነው።

ቫልቭ ካነሳን፣ በጣም የቆዩ መኪናዎች ላይ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ በስሱ እየቀባ ከመፋጨት ይጠብቀው ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሞተሮች መቀመጫቸው ለስላሳ ብረት ነው። ጋዝ ደረቅ ነው፤ የሚያለሰልስ ምንም ነገር የለውም። ቫልቩ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ክፍተቱ ይጠባል፤ በመጨረሻ ቫልቩ መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። የእናንተ ሞተር እንዲህ ከሆነ ቴስታታው በሚወርድበት አጋጣሚ ጠንካራ መቀመጫ አስገቡለት። ካልሆነ የቫልቭ ክፍተቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስለኩ።

ቀጥሎ ማቀጣጠያው። ካንዴላ፣ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ሮተር በአንድ ላይ አዲስ ይሁኑ። ድርድር የለበትም። ገመዱ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲጨፍር ካያችሁ ብልጭታው ወደ ካንዴላው ሳይሆን ወደ ሜዳ እየሄደ ነው። የካንዴላ ክፍተትም ለጋዝ ጠበብ ይላል፤ ኪቱ ሌላ ካላለ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

የማቀዝቀዣው ውሃ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ብዙ ያገባዋል። ከ200 ባር የሚወርድ ጋዝ በኃይል ይቀዘቅዛል፤ ግፊት መቀነሻው በረዶ እንዳይሠራ የሚያሞቀው የሞተሩ ውሃ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ አያፍስስ፣ ቴርሞስታቱ ይሥራ፣ ውሃው ዝገት አይኑርበት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ የጋራዥ "መፍትሔ" ነው። ጋዝ ላይ ያ መኪና አያምርበትም። መልሱት።

በመጨረሻ ከሥሩ ግቡና ሻንሲውንና ወለሉን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉ። ሲሊንደሩ የሚታሰርበት ብረት የበሰበሰ ከሆነ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ይሂድ። የኋላ ሞላው ወይም ባሊስትራው የደከመም እንደዚሁ።

2ኛ እርምጃ፦ ለሞተሩ የሚስማማ ኪት

ካርቡሬተር ላለው መኪና የሚገጠመው ሚክሰር ነው። ከካርቡሬተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ቀለበት ሲሆን፣ አየሩ ሲያልፍ በራሱ ጋዙን ይስባል። ቀላል ነው፤ ርካሽም ነው። ጉዳቱ ከአየር ፊልትሮው እስከ ቫልቩ ያለው መንገድ ሁሉ በተቀላቀለ ጋዝ መሞላቱ ነው። ብልጭታ ከሳተ ወይም ቫልቭ ካልዘጋ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ኢንጀክተር ላለው መኪና ሲኩዌንሻል የሚባለውን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር የራሱ ጋዝ ኢንጀክተር አለው። ጋዙ የሚረጨው ቫልቩ አጠገብ፣ በሰዓቱ ነው። የጋዙ ኮምፒውተር የቤንዚኑን ኢንጀክተር ትእዛዝ አንብቦ ወደ ጋዝ ይተረጉመዋል። ኢንጀክተር ያለው መኪና ላይ ሚክሰር ለመግጠም የሚያግባባችሁ ሰው ካለ ዋጋ ለመቀነስ ነው፤ እኔ አልመክርም።

ናፍጣስ? ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ሚቴን ደግሞ በመጨመቅ ብቻ እንደ ናፍጣ አይነሳም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጋዙን ከአየሩ ጋር አስገብቶ ትንሽ ናፍጣ እንደ ክብሪት መርጨት ነው። እዚህ ናፍጣው ጨርሶ አይቀርም። ሁለተኛው ቴስታታውን ለካንዴላ ማዘጋጀት፣ ፒስተኑን ቀይሮ ኮምፕሬሽኑን ማውረድ ነው። ይህ ሞተሩን እንደገና መሥራት ነው፤ ለአሮጌ የቤት መኪና አያዋጣም። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ቤንዚን መኪና ብቻ ነው።

ኪቱን ስትገዙ ከአንድ አምራች የመጣ፣ ለሞተራችሁ ጉልበት የተመጠነና የአገራችሁ ተቆጣጣሪ የሚቀበለው ይሁን። የምዝገባና የኢንሹራንስ ወረቀቱ ላይ የነዳጁ ዓይነት መቀየር እንዳለበትም ከመግጠማችሁ በፊት ጠይቁ። ከአደጋ በኋላ ይህን መስማት ያማል።

3ኛ እርምጃ፦ ሲሊንደሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ቀልድ የማያውቀው ይህ ነው።

ሲሊንደሮች አራት ዓይነት ናቸው። ዓይነት 1 ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፤ ከባድ፣ ግን ርካሽና ቻይ። ዓይነት 2 ብረት ሆኖ ወገቡ በፋይበር የተጠመጠመ ነው። ዓይነት 3 ስስ ብረት ሆኖ ሙሉ በሙሉ በፋይበር ተሸፍኗል። ዓይነት 4 ውስጡ ፕላስቲክ፣ ውጪው ፋይበር ነው፤ በጣም ቀላልና በጣም ውድ። ለአሮጌ መኪና አብዛኛው ሰው የሚገዛው ዓይነት 1ን ነው። ምክንያቱ ዋጋው ነው።

ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አይኤስኦ 11439 ወይም ኢሲኢ አር110 የሚል የደረጃ ምልክት፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የውሃ መጠን፣ የሥራ ግፊት፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ "ለሲኤንጂ ብቻ" የሚል ጽሑፍ (ሲኤንጂ የተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ነው)፣ ከዚያም "ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙ" የሚል ቀን ይኖረዋል። በእነዚህ ደረጃዎች ትልቁ ዕድሜ 20 ዓመት ነው። ቀኑ ካለፈ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ጽሑፉ በቀለም ከተሸፈነ ወይም ከተፋቀ አትግዙ። "እኔ አውቀዋለሁ፣ ከጥሩ መኪና ላይ የወረደ ነው" የሚል ዋስትና አይደለም።

የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር፣ የኦክሲጅን ሲሊንደር፣ ወርክሾፕ የተበየደ ታንከር በፍጹም አይሆንም። የማብሰያው ሲሊንደር የሚሞከረው በ30 ባር ገደማ ነው። 200 ባር ሲገባበት ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ማሰሩ። ኢሲኢ አር110 ለትንንሽ መኪኖች የሚጠይቀው፣ የተሞላ ሲሊንደር በጉዞ አቅጣጫ በ20 እጥፍ፣ ወደ ጎን በ8 እጥፍ የስበት ኃይል ሲጎተት እንዳይነቀል ነው። ከነጋዙ 70 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ግጭት ላይ 1.4 ቶን ሆኖ ወደ ፊት ይጎተታል ማለት ነው። ወደ ፊት ደግሞ የናንተ ጀርባ ነው ያለው። ስለዚህ፦

- መያዣው በሻንሲው ወይም በተጠናከረ የወለል አካል ላይ በቡሎን ይታሰር። ቡሎኑ ወለሉን ዘልቆ ይለፍ፤ ከሥር ሰፊ የብረት ዝርግ ይደረግለት። ቪቴ ብቻ አይበቃም።
- ቢያንስ ሁለት የብረት ቀበቶ ይኑረው። በቀበቶውና በሲሊንደሩ መካከል ላስቲክ ይግባ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ዝገት ይጀምራል።
- ሲሊንደሩ ላይም ሆነ ከታሰረ በኋላ አጠገቡ ብየዳ የለም። ለአንዲት ነጥብ እንኳ።
- ከማርሚታውና ከጭስ ቱቦው ይራቅ፤ ከተጠጋ ሙቀት መከላከያ ይደረግለት። ከመኪናው ሥር ከተገጠመ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ሲሊንደሩ ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ከሆነ ቫልቩ ጋዝ በማያሳልፍ መያዣ ይሸፈንና ቱቦው በወለሉ በኩል ወደ ውጭ ይውጣ። ቢያፈስ ጋዙ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ተሳፋሪው አይሄድም። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ መሸፈኛ ተቀዶ ወይም ወልቆ አይቻለሁ። "ቦታ ያዘብኝ" ብሎ የነቀለም አውቃለሁ።

ቫልቩ ራሱ በእጅ የሚዘጋ መዝጊያ፣ ሞተር ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ)፣ ቧንቧ ቢበጠስ ፍሰቱን የሚያፍን መቆጣጠሪያና በእሳት ጊዜ በ110 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ጋዙን የሚያስተነፍስ መሣሪያ ይኑረው። የመጨረሻው ሲሊንደሩ እንዳይፈነዳ የሚያደርግ ነው። አትነካኩት።

4ኛ እርምጃ፦ ቧንቧና መሙያ

የከፍተኛ ግፊት ቧንቧው መገጣጠሚያ የሌለው ብረት ነው፤ ስቴንለስ ወይም ዝገት እንዳይበላው የተሸፈነ። መዳብ አይሆንም። በመኪናው ሥር ሲያልፍ ከድንጋይ በሚከለል መስመር፣ ከጭስ ቱቦው ርቆ ይሂድ፤ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ላስቲክ ባለው ክላምፕ ይያዝ። ሲሊንደሩ ጋ እና ሞተሩ ጋ ሲደርስ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) አንድ ሁለት ጊዜ ይጠምጠም። ይህ ለጌጥ አይደለም። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጥምዝማዙ እንቅስቃሴውን ይቀበላል፤ ቀጥ ያለ ቧንቧ ግን ዳዶው ሥር ይሰነጠቃል። ቧንቧው ብረት በስቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ላስቲክ ይኑረው።

መሙያው አቧራ መከላከያ ክዳንና ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይኑረው። የት እንደሚሆን ምርጫችሁ ነው። ኮፈን ሥር ከሆነ ይደበቃል፤ ነገር ግን በሞላችሁ ቁጥር ኮፈን መክፈት ነው።

5ኛ እርምጃ፦ ግፊት መቀነሻው

መቀነሻው ከቦዲው ጋር ይታሰር፤ ከሞተሩ ጋር አይደለም። ቁመቱ ከራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ልክ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ አየር ይይዝና ውሃው አይደርሰውም። ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ የላስቲክ ሽፋን) ከመኪናው ጉዞ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ይሁን። ካልሆነ ፍሬን ስትይዙና ስትነሱ ዲያፍራሙ ይወዛወዛል፤ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ) ይረበሻል።

ውሃውን ከካቢን ማሞቂያው መስመር ውሰዱ። ከገጠማችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ። ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱም የውሃ ቱቦዎች ለእጅ ትኩስ መሆን አለባቸው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አይዞርም። በረጅም መንገድ ላይ መቀነሻው አመዳይ ለብሶ ሞተሩ ጉልበት ካጣ መጀመሪያ የምትፈልጉት የውሃ መጉደልን ነው።

6ኛ እርምጃ፦ ሚክሰር ወይም ኢንጀክተር

ሚክሰሩ ለካርቡሬተራችሁ ልክ የተሠራ ይሁን። ከጠበበ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ቤንዚንም ላይ ጉልበት ታጣላችሁ። ከሰፋ ጋዙን በደንብ አይስብም። ከቤንዚን ፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ የቤንዚን መዝጊያ ሶሌኖይድ ይገባል። ማብሪያው ሦስት ቦታ አለው፦ ቤንዚን፣ መሃል፣ ጋዝ። መሃሉ ሁለቱንም ይዘጋል። ከቤንዚን ወደ ጋዝ ስትሄዱ መሃል ላይ አድርጋችሁ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅና ሞተሩ እስኪያመነታ ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ጋዝ። ሁለቱ አብረው ከገቡ ሞተሩ ይታፈናል።

ለኢንጀክተሩ ሥራ ኮሌክተሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ይውረድ። ሳያወርድ የሚበሳ ባለሙያ ካያችሁ አስቁሙት። የብረት ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ የሚያስከፍለው ከኪቱ በላይ ነው። በቀዳዳዎቹ የሚገቡት የጋዝ አፍንጫዎች ወደ ቫልቩ ያዘነበሉና ሁሉም በእኩል ርቀት ላይ ይሁኑ። ከኢንጀክተር ወደ አፍንጫ የሚሄዱት ጎማ ቱቦዎች እኩል ርዝመትና በተቻለ መጠን አጭር ይሁኑ። አንዱ ከረዘመ ያ የሞተር ሲሊንደር ጋዙን ዘግይቶ ያገኛል፤ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱን ፍለጋ ደግሞ ወራት ታባክናላችሁ።

7ኛ እርምጃ፦ ኤሌክትሪኩ

አሮጌ መኪና ላይ ሽቦ ሲነካ ሌላ ሽቦ ይወድቃል። የባትሪውንና የሞተሩን መሬት አጽዱ፣ አጥብቁ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሽቦ ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል የሁለት ወር ሥራ ነው፤ በደንብ ተያይዞ ውሃ በማያስገባ ይሸፈን።

አንድ ነገር ራሳችሁ አረጋግጡ። ሞተሩ በጋዝ እየሠራ ሳለ እንዲጠፋ አድርጉት፤ ቁልፉ ግን በርቶ ይቆይ። ለምሳሌ ፍሬን ይዛችሁ በማርሽ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሶሌኖይዶቹ "ጠቅ" ብለው መዘጋት አለባቸው። ካልተዘጉ መኪናው ተገልብጦም ጋዙ ይፈሳል ማለት ነው። ያንን መኪና አትረከቡ።

ካርቡሬተር ላላቸው ታይሚንጉን የሚያስቀድም ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል። ጋዝ ላይ ሲሆን ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ያስቀድማል፣ ቤንዚን ላይ ሲሆን ወደ ቦታው ይመልሳል። ዲስትሪቢዩተሩን በእጅ አዙሮ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን ቤንዚን ላይ ማንኳኳት ያመጣል። መሣሪያውን ግዙት።

8ኛ እርምጃ፦ ፍሳሽ ፍተሻ

ክፍት ቦታ ላይ ይደረግ። መጀመሪያ በናይትሮጅን፣ ግፊቱን በደረጃ እየጨመሩ። መገጣጠሚያ ሁሉ በሳሙና ውሃ ይቀባ። አረፋ ከነፋ ግፊቱ ይልቀቅ፣ ከዚያ ዳዶው ይጥበቅ። ግፊት ላይ ያለ ዳዶ በመፍቻ አይነካም። ቀጥሎ ጋዝ በትንሹ ይሞላና እንደገና ይፈተሻል፤ በመጨረሻ ሙሉ። መኪናው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት የግፊት መለኪያው ይታይ። ትንሽ ከወረደ አትደንግጡ። ሲሞላ ጋዙ ይሞቃል፤ ሲበርድ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ግን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

በክብሪት ፍሳሽ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

9ኛ እርምጃ፦ ማስተካከያ

ቤንዚን 1 ኪሎ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ሚቴን 17.2። ስለዚህ ቤንዚን ላይ የተስማማው ጋዝ ላይ አይስማማም።

ሚክሰር ያለው መኪና የሚስተካከለው በጭስ መለኪያ ነው። ሞተሩ ሞቆ መጀመሪያ ሚኒሞው ይስተካከላል። ከዚያ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ይያዝና ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለው ቪቴ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ጆሮ ብቻውን ይሸውዳል። ብዙዎች ጋዝ ለመቆጠብ ቪቴውን አጥብቀው ያሳንሱታል። ጋዝ ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ያስነጥሳል፣ ቫልቭ ያቃጥላል።

ሲኩዌንሻሉ በላፕቶፕ ይስተካከላል። ሞተሩ ቆሞ ከሚደረገው ራስ ሰር ማስተካከያ በኋላ ባለሙያው አብሯችሁ መንዳት አለበት። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ረጅም ቀጥታ። የሚያየው የቤንዚን ኢንጀክተሩ የመክፈቻ ጊዜ ነው። በቤንዚንም በጋዝም ያው ከሆነ ተስተካክሏል። "ቆሞ ጥሩ ነው፣ ይበቃል" ካለ አልጨረሰም።

ከዚያ በኋላ

ሞተሩን በቤንዚን አስነሱት፤ ሲኩዌንሻሉ ውሃው ሲሞቅ በራሱ ወደ ጋዝ ይሄዳል። ታንከሩ ውስጥ ሁልጊዜ ሩብ ያህል ቤንዚን ይኑር፤ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚን ከሌለ ይቃጠላል። ካርቡሬተር ካላችሁ በሳምንት የተወሰነ ኪሎ ሜትር በቤንዚን ንዱ፤ አለበለዚያ ጋስኬቱ ይደርቃል።

ስትሞሉ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። የጋዝ ሽታ ከመጣ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ የሲሊንደሩን የእጅ መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ በኋላ ማብሪያ አትንኩ።

የጋዝ ፊልትሮውን አምራቹ ባለው ጊዜ ቀይሩ። የሞተር ዘይቱ ከቤንዚን ጊዜው ንጹህ ሆኖ ይቆያል፤ መልኩ አያታላችሁ፣ በጊዜው ቀይሩት። ሲሊንደሩን በኢሲኢ አር110 መሠረት ቢያንስ በየ4 ዓመቱ ያስፈትሹታል፤ አገራችሁ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ከጠየቀ የአገራችሁን ተከተሉ። ከግጭት ወይም ከእሳት በኋላ ተራውን ሳትጠብቁ አስፈትሹት። መኪናው ቀለም ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ የሚደርቅ ከሆነ ሲሊንደሩ መጀመሪያ ይውረድ።

አንድ ደብተር ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጡ። በሞላችሁ ቁጥር ስንት ኪሎ እንደገባና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ጻፉ። ሦስት አራት ጊዜ ስትጽፉ የመኪናችሁን ትክክለኛ ቁጥር ታገኛላችሁ። አንድ ቀን ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ላፕቶፕ ያለው ሰው ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ማታ ኮፈኑን ክፈቱና የካንዴላ ገመዶቹን ተመልከቱ።